ልቀቁት፣ የሚሄድበትን እንይ

የባለቤቴ እኅት ዘውዴ ደውላ «አባባ ዐረፉ» ስትለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «እርግጠኛ ናችሁ?» የሚል ጥያቄ ነው። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል አጣብቄ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር፤ የስፌት መኪናዬን እንኳ አላቆምሁም። ዘውዴ የደነገጥሁ መስሏት «እኔስ መች አመንሁ፣ እህቴ» ብላ አለቀሰች። እኔ ግን የጠየቅሁት ከልቤ ነው። አማቴ መሪጌታ ይትባረክ ከዚያ በፊትም ለሞት ቀርበው፣ የንስሐ አባታቸው ተጠርተው፣ ቤቱ በለቅሶ ከተናወጠ በኋላ ተነሥተው ቁጭ ብለው፣ ማን ከልቡ እንዳለቀሰና ማን እንዳስመሰለ በስም እየጠሩ የተናገሩ ሰው ናቸው። እኔን «የቆላዋ ልጅ ዓይኗን በምራቅ አርሳለች» ነበር ያሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

በማግሥቱ የቤተሰቡን ሴቶች የሐዘን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። በዕድሜዬ እንዲያ ቀጥ ያለ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም።

«ይህን ያህል ከጠላሻቸው ምን ያስጽፍሻል?» የሚለኝ አይጠፋም። የሚወዱት ሰው እኮ ይረሳል። እናቴን በተወለድሁበት ቆላ፣ ሳንጃ ከቀበርኋት ወዲህ ድምፅዋ ከጆሮዬ እየጠፋ ነው፤ አንዳንዴ ፊቷ ጭራሽ ይጠፋብኝና ፎቶ ፍለጋ እነሣለሁ። የመሪጌታ ይትባረክን ድምፅ ግን ዛሬም ድስት ስከድን እሰማዋለሁ። የማልረሳው ሰው ማን ነው ብትሉኝ፣ ምን ላድርግ፣ እርሳቸው ናቸው።

መልከ መልካም ነበሩ፤ ይህን አልክድም። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጥምጣማቸው ሁልጊዜ ንጹሕ። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ያለው ግቢያቸው ቅኔ ሊማሩ ከየአገሩ በመጡ ተማሪዎች ተሞልቶ ይኖር ነበር። በበዓል ቀን ዜማ ሲያነሡ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ ይጠፋል። እኔ ራሴ፣ ጠዋት «አንቺ ጨርቅ ቀዳጅ» ብለው ሰድበውኝ ወጥተው፣ ረፋዱ ላይ ዜማቸውን ስሰማ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ያለቀስሁበት ቀን አለ። እግዜር ያን ድምፅ ለምን እዚያ ደረት ውስጥ እንዳስቀመጠው የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

አንደበታቸው ከድምፃቸው ይብስ ነበር። ሰውን በአንድ ቃል መጨረስ ያውቁበታል። ከመናገራቸው በፊት አንገታቸውን ዘንበል፣ ግራ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፤ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ጠቅ ያደርጉና ቃሉን ይጥሉታል። የተጠራው ሰው ከዚያ ወዲያ በዚያ ስም ይቀበራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእርሳቸው ቃል ግን አፋፍ ላይ አይቆምም፣ ሰው ይዞ ይወርዳል።

ከሁሉ የከፋው ፍርዳቸው በሕፃናት ላይ የሚፈርዱት ነበር።

በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ቤተሰቡ በሙሉ ሚኒባስ ተኮናትሮ ወደ ትውልድ ቀያቸው ይወጣል፤ ከዳባት ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ሽቅብ በእግር የሚኬድበት ደጋ ነው። ታቦቱ ከገባ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለው መስክ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ በግ ይታረዳል፣ ጠላ ይቀዳል። በዚያ ዓመት ድክ ድክ ማለት የጀመረ ሕፃን ካለ፣ መሪጌታ ከእናቱ እጅ ይወስዱትና ሣሩ ላይ አቁመው «ልቀቁት፣ የሚሄድበትን እንይ» ይላሉ። ሕፃኑ በራሱ ጊዜ ዞሮ እስኪመለስ ድረስ ማንም አይከተለውም፣ ማንም አይጠራውም። ሲመለስ የት እንደ ደረሰና ምን እንደ ነካ አይተው ይፈርዳሉ። አንዲት እናት ቁራሽ ይዛ «ላጉርሰው» ብላ ልትከተል ብትነሣ «በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ» ይሏታል፤ ሰው ይስቅባታል፤ ትቀመጣለች።

ልማዱ ከአባታቸው የመጣ ነው ይላሉ። እርሳቸውን ሲለቋቸው ቀጥ ብለው ደጀ ሰላም ገብተው ነበር አሉ፤ በዚያው ለትምህርት ተሰጡ። የአጎታቸው ልጅ አያ ጥሩነህ፣ እዚያው ገጠር የሚያርሱ ሽማግሌ፣ አንድ ቀን በጆሮዬ «እሱስ እውነት ነው፤ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ዳቦ ይታደል ነበር» ብለውኛል።

ባለቤቴ ኅሩይ በሕፃንነቱ ተለቆ የፍየል ጭራ ይዞ ተገኘ። «ጭራ!» አሉ አባቱ። ይኸው ዛሬ ጢም አውጥቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ አባቱ ሲነሡ ይነሣል፣ ሲቀመጡ ይቀመጣል። የወንድሙ ልጅ ካቆሙት ቦታ ንቅንቅ ሳይል ቆሞ አለቀሰ፤ «ድንጋይ ነው፤ አጥር ሥሩበት» ተባለ። አስተማሪው ለምን አታጠናም ሲለው «እኔ እኮ ድንጋይ ነኝ» ብሎ የመለሰ ልጅ እርሱ ነው። የዘውዴ ልጅ ማርታ ደግሞ ምድጃ ካለበት ደርሳ ሁለት እጇን የበረደ አመድ ውስጥ ዶለች። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ይቺ አመድ አፋሽ ናት፤ ለሰው ስትለፋ ኖራ ምስጋና ሳታይ ትሞታለች» አሉ። ገና ጡት ያልጣለች ልጅ ናት።

እኔ ስዳር ማርታ ሕፃን አልነበረችም፤ ግቢውን የምትጠርግ፣ የተማሪዎቹን ልብስ የምታጥብ፣ ማንም አመሰግናለሁ የማይላት ልጅ ሆና ነው ያገኘኋት። ዘውዴ ባሏ ትቷት አባቷ ቤት የምትኖር ስለሆነች ስለ ልጇ አፍ አውጥታ መናገር አትችልም። ማርታ እኔን «እታለም» ትለኛለች። ስፌት ቤቴ እየመጣች ቁልፍ ትተክልልኝ ነበር፤ ቀጭን፣ ፈጣን እጆች ነበሯት።

ናሆም ተወለደ። ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነው ሲል ኅዳር ሚካኤል ደረሰ።

«ዘንድሮ አንሂድ» አልሁት ኅሩይን።

«አባባ ምን ይላሉ?» አለኝ።

በትዳራችን «እወድሻለሁ» ከሚለው ይልቅ «አባባ ምን ይላሉ» የሚለውን አብዝቼ ሰምቻለሁ። ሄድን።

ያን ቀን የፈራሁት ስሙን ነበር። ልጄ እበት ነክቶ ይመጣና ዕድሜ ልኩን እበት ይባላል ብዬ። ሌላ የሚፈራ ነገር መኖሩ አልታየኝም።

መሪጌታ ናሆምን ከእጄ ተቀብለው ሳሙት፤ መሳም ያውቁ ነበር። ከምንጣፉ ዳር ሣሩ ላይ አቁመው «ልቀቁት፣ የሚሄድበትን እንይ» አሉ።

ልጄ ደስ አለው። ይህን ሳስታውስ ነው እስከ ዛሬ የምቃጠለው። የምንኖረው ኪራይ ቤት ነው፤ ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ ሣር ረግጦ አያውቅም። መጀመሪያ ተቀምጦ ሣሩን በሁለት እጁ ነጨ። ተነሣ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። የታሰረች በግ አገኘና ገመዷን ይዞ አብሯት ዞረ። የገብሱ ማሳ ዳር ቆሞ ዛላውን ጉንጩ ላይ አሸት አሸት አደረገ። ወደ እኛ ዞሮ «እማ!» አለ፤ እንድመጣ ፈልጎ አይደለም፣ እዩኝ ነው የሚለው። ለአፍታ ያህል አማቴ ልክ ናቸው ብዬ አሰብሁ። ልጅ እንዲህ መለቀቅ አለበት፣ እንዲህ ሲሆን ነው ሰው የሚሆነው አልሁ።

ከማሳው ወዲያ የፈረሰ የከብት በረት ነበር። ናሆም ከካቡ ኋላ ዞረና ጠፋ።

ልነሣ ስል አንድ ነገር ጭኔ ላይ ዐረፈ። መሪጌታ መቋሚያቸውን በጭኔ ላይ አጋድመውታል።

«ተቀመጪ።»

«አባባ፣ አይታየኝም እኮ።»

«እግዜር ያየዋል። ልጅ የምትከተል እናት ጥላዋን ታሳድጋለች እንጂ ልጅ አታሳድግም።»

ዙሪያው ያሉት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ኅሩይን አየሁት፤ አጥንት ይግጥ ነበር። የዘንጉ ክብደት ምንም አይደለም፤ በአንድ ጣት ይነሣል። ማንም ግን እስከዚያ ቀን አንሥቶት አያውቅም፣ እኔም አላነሣሁትም። ጠላው እንደገና ተቀዳ። በጓ ትጮኻለች። ከካቡ በኩል ድምፅ የለም።

ራሱ ተመለሰ። እየተንገዳገደ፣ እየሳቀ መጣ። አንድ እጁን ጨብጧል፤ ከንፈሩ ላይ ጠቋቁር ፍሬ ተለጥፏል። መሪጌታ እጁን ሲከፍቱት የተሰነጠቀ፣ እሾሃም የፍሬ ቅርፊት መዳፉ ላይ ተገኘ። ውስጡ ባዶ ነበር።

«ዕፀ ፋርስ» አሉ በቀስታ። መቋሚያውን መሬት ላይ ጠቅ አላደረጉም፣ ዓይናቸውንም አልጨፈኑም። አለቀሱ። እርሳቸው ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዕፀ ፋርስ የሚሉት እኛ አስተናግር የምንለውን ነው፤ በየፈረሰ በረትና በየፍጉ ቁልል ላይ የሚበቅል፣ ነጭ አበባ ያለው መርዝ ነው። እኛ አገር ፍየል እንኳ ዞራ ታልፈዋለች። ለእርሳቸው ግን ሌላ ነበር። ድሮ የቆሎ ተማሪ ትምህርት አልገባህ ሲለው አብሾ ይጠጣ ነበር ይባላል፤ አብሾ የሚቀመመው ደግሞ ከዚሁ ከአስተናግር ነው። የጠጣው ሰው ያብዳል፤ ከተረፈ አእምሮው ይከፈታል፣ አንዴ የሰማው አይጠፋውም ይላሉ። መሪጌታ በተማሪነታቸው ጠጥተዋል። አብሾ ያለበት ሰው ከሰከረ አይያዝምና ጠላ ከአንድ ዋንጫ የማያልፉት በዚህ ነው። ታሪኩን በየግብዣው ይናገሩታል። «ሦስት ሆነን ጠጣን። አንዱ ሞተ። አንዱ እስከ ዛሬ ከውሻ ጋር ያወራል። አንዱ እኔ ነኝ» ይሉና ይስቃሉ።

ልጄን ወደ ላይ አነሡት። «ማንም ሳይሰጠው! ማንም ሳይመራው ሄዶ አገኘው! የእኔን ወንበር የሚወርስ ተገኘ! ምነው ዝም አላችሁ፣ እልል በሉ እንጂ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ልጄ መርዝ በልቶ እልል ተባለለት።

«አባባ፣ አስተናግር እኮ ነው!» ብዬ ጮኽሁ። «ሐኪም ቤት እንውሰደው!»

«አንቺ ሰሊጥ ታውቂያለሽ፣ የቆላ ልጅ» አሉኝ፤ ቁጣ እንኳ አልነበራቸውም። «የማታውቂውን ተዪ።»

አያ ጥሩነህ ከወዲያ ሆነው «መሪጌታ፣ ይኸ ነገር ሸጋ አይደለም። ይኸን በልቶ ጥጃዬ ሞቶብኛል» አሉ።

«አያ ጥሩነህ፣ አንተም ጥጃ ታውቃለህ።»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው አቀረቀሩ።

ብዙም ሳይቆይ የናሆም ፊት በርበሬ መሰለ። ከንፈሩ ደረቀ። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ዓይኑ ጥቁር ብቻ ሆነ። ብጠራው አልዞረም፣ ጡቴን ባወጣለት አላወቀኝም። አያቱ ጭን ላይ እንደ ተቀመጠ በጣቶቹ አየሩ ላይ አንድ የማይታይ ነገር መልቀም ጀመረ። ይለቅማል፣ ይገልጣል፣ ይለቅማል።

«እዩት!» አሉ መሪጌታ። «መጽሐፍ እየገለጠ ነው! ገጹን እዩት እንዴት እንደሚገልጥ!»

ሰዎቹም አዩ። አንዳንዶቹ አማተቡ። እዚያ መስክ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ልጅ የወለደ ሰው ነው። ትኩሳትና ቅዠት ምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም፤ ግን መሪጌታ መጽሐፍ ነው ካሉ መጽሐፍ ነው።

የኅሩይን እጅ ይዤ ጎተትሁት። «ልጅህ እየሞተ ነው። ተነሣ።»

ተነሣ። ሐሰት አልናገርም፣ ተነሥቶ ነበር።

«ኅሩይ፣ ተቀመጥ» አሉት አባቱ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

ተቀመጠ።

እኔ ልጄን ከጭናቸው ልወስድ ስታገል እጄን የያዙኝ ሴቶች ነበሩ፤ «ተይ፣ ትረገሚያለሽ» እያሉ። ያን ጊዜ ማርታ መጣች። ምድጃው አጠገብ ሰሃን ስታጥብ ነበር፤ እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው። ገና ጡቷ ያላጎጠጎጠ፣ በዚያ ቤት ቀና ብላ ሰው አይታ የማታውቅ ልጅ ናት። ናሆምን ከአያቷ ጭን መንጭቃ አንሥታ ሮጠች።

መሪጌታ ዘንጉን ሲወረውሩ ጀርባዋን አገኛት። አልቆመችም። ቁልቁለቱን እኔ ኋላ ኋላዋ ነው የሮጥሁት፤ ልደርስባት አልቻልሁም። አንድ ቦታ ላይ ወደቀች፤ በክርኖቿና በጉልበቶቿ ነው የወደቀችው፣ ልጁ መሬት አልነካም። አስፋልቱ ላይ ገብስ የጫነ አይሱዙ አስቁማ ስደርስ ጋቢና ገብታ ነበር፤ ከክርኗ የሚወርደው ደም በናሆም ልብስ ላይ ይንጠባጠባል።

ጤና ጣቢያው አይቶ ወደ ከተማ ሆስፒታል ላከን። ነርሷ ቱቦውን በልጄ አፍንጫ ስታስገባ ቀና ብላ «እናቱ አንቺ ነሽ? ይህን ሲበላ የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«ተቀምጬ» አልኋት።

አልሞተም። ሌሊቱን ሙሉ አየር ሲለቅም አደረ፤ ማርታ እጆቹን ይዛ ተቀመጠች። ንጋት ላይ ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ ያየው እሷን ነው፤ «እማ» ያለውም እሷን ነው። አልከፋኝም። ኅሩይ ጠዋት ሙዝ ይዞ መጣ። ይቅር ብዬው ይሆን? አላውቅም፣ አብረን እንኖራለን።

ከሆስፒታል ወጥተን መሪጌታ ዘንድ ሄድን፤ ባሌ ካልሄድን አለ።

«ምን አደረጉት?» አሉ።

«ሆዱን አጠቡት» አለ ኅሩይ።

አንገታቸው ዘንበል፣ ዓይናቸው ጨፈን አለ። «እግዜር የሞላለትን አጥባችሁ ደፋችሁት። በል፣ ከእንግዲህ የታጠበው ነው።»

እንዲያው ቀረ። ናሆም የሚለውን ስም በአያቱ አፍ ዳግመኛ አልሰማውም። «የታጠበው ውሃ አምጣ»፣ «የታጠበው በሩን ዝጋ»። የቅኔ ተማሪዎቹ ይስቃሉ። ናሆም ደግሞ፣ ይህን ለመጻፍ እጄ እንቢ ይለኛል፣ አያቱን ይወድ ነበር። ሰዳቢን የሚወድደው ያልተሰደበ ሰው ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ ተሰዳቢውም ይወዳል። እግራቸው ሥር ተቀምጦ አፍ አፋቸውን ያያል። ሌላ ሰው ሲሰደብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚስቀው እርሱ ነው፤ ያን ጊዜ ተራው የሌላ ሰው ነዋ።

ለማርታ ምንም አላሏት። በኋላ ግን፣ ገና ከትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሳትወጣ፣ ከማክሰኝት ለመጣ የከብት ነጋዴ ሰጧት። ሰውየው በዕድሜ ከእናቷ ይበልጥ ነበር። ሄጄ ተጣላሁ። «ያን ቀን ልጅ መንጠቅ ዐውቃለች፤ የራሷን ትውለድና ትንጠቅ» አሉኝ። ዘውዴ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነች፤ «ነገ ማደሪያ ፈልጊ» ሲሏት ተነሣች። የሙሽራ ልብሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ወገቧን ስለካ «እታለም፣ አጥብቢው፤ ሲሰፋ ትልቅ ሴት ያስመስለኛል» አለችኝ። ነጋዴው ሴት ልጅ ስትወልድለት ትቷት ሄደ። ልጇን አዝላ ወደ አያቷ ግቢ ተመለሰች፣ መጥረጊያዋን አነሣች። አንድም ቀን ናሆምን ያዳነችበትን ነገር አንሥታብኝ አታውቅም። በየበዓሉ ለናሆም ከረሜላ ትገዛለት ነበር።

መሪጌታ የሞቱት በጥቅምት ነው። ትውልድ ቀያቸው ተቀበሩ። ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ፣ ሐዘናችን ገና ነውና እንቅር ቢባል፣ ዘውዴ «አባባ ያለ እኛ እንዴት ይውላሉ» አለችና በሰፋሁት ጥቁር ልብስ ሆነን ወጣን። ምንጣፉ ያው፣ መስኩ ያው፣ የገብሱ ማሳ ያው። መሪጌታ ይቀመጡበት የነበረውን ቦታ ማንም ሳይነጋገር ባዶ ተወው፤ መቋሚያቸውን ዘውዴ እዚያ አጋድማዋለች።

የማርታ ልጅ ያን ሰሞን ነው እግር የተከለችው። ማርታ ሣሩ ላይ አወረደቻት። ልጅቷ ሄደት ሄደት አለች። እኔ በልቤ፣ አለፈ፣ ከእንግዲህ ሕፃን እንደ ሕፃን ይሄዳል፣ እናቱም ከኋላው ትሄዳለች አልሁ። ማርታ ልትከተላት ተነሣች።

ናሆም ከየት መጣ ሳልል አጠገቧ ቆሞ ነበር። የአያቱን መቋሚያ አንሥቷል። ልጅ ስለሆነ ይከብደዋል፤ በሁለት እጁ ይዞ ማርታ ፊት ወገቧ ላይ አጋደመው።

«ተቀመጪ» አላት። «ልቀቂያት፣ የምትሄድበትን እንይ።»

ድምፁ ልክ የእርሳቸው ነበር። ማርታ ተቀመጠች፤ ያን ዘንግ አይቶ መቀመጥ በሁላችንም ጉልበት ውስጥ ገብቷል። ትንሿ ልጅ ምድጃው አጠገብ ደርሳ ጎንበስ አለች፤ ውሻ ግጦ የጣለውን አጥንት አንሥታ ለእናቷ ከፍ አድርጋ አሳየች። ሳቀች።

ናሆም አንገቱን ዘንበል፣ ግራ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። መቋሚያውን መሬት ላይ ጠቅ አደረገ።

«የውሻ ትራፊ» አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው ዘውዴ ናት፤ የልጅቷ አያት። «አባባን! ቁርጥ አባባን!» ብላ በጥቁር ነጠላዋ ዕንባዋን ጠረገች። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤተሰቡ የሳቀው ያን ጊዜ ነው። ኅሩይ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ልጁን ያየዋል፤ በኩራት። ናሆም መሐላቸው ቆሞ ፊቱ በርቷል፤ ከእንግዲህ የታጠበው የሚለው የለም።

ተነሥቼ ዘንጉን ነጠቅሁት። በጥፊም መታሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ቃሉ ወጥቷል፤ አንዱ የአክስት ልጅ አስቀድሞ «ትራፊዬ፣ ነይ እስቲ» እያለ ሕፃኗን ይጠራታል።

ወደ ማርታ ዞርሁ። ምን ልበላት? ያን ልጅ ይዛ የወደቀችበት ጠባሳ ሁለቱም ክርኖቿ ላይ አለ፤ እጅጌዋን ሰብስባ ስለነበር ይታያል። «ማርትዬ» አልሁ።

«ተይው፣ እታለም» አለችኝ። ቁጣ የላትም። «አባባ መች ዋሹ?»

እጆቿን አራገፈችና ልጇን ከምድጃው አመድ ዳር ልታመጣ ሄደች።